የጤዛውያን ሕግ

በአማርኛ ለእነርሱ የሚሆን ስም የለንም። በእንግሊዞች ተረት ውስጥ ጣት የሚያህሉ፣ የቢራቢሮ ክንፍ ያላቸው፣ አበባ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ፍጡራን አሉ። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጡ ግን ማረፊያ ያጣሉ። እኛን ያሳደገን ተረት የጅብና የጦጣ፣ የአንበሳና የቀበሮ ነው። ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ለዓይን የማይሞላ ትንሽ ነገር ሲባል ደግሞ የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ አድባርና ወደ ቆሌ፣ ቅቤ ወደሚቀባ ዛፍ ነው። ብዙዎቻችን ከዚያ ፍርሃት በጌታ ጸጋ የወጡ ወላጆችና አያቶች ልጆች ነን። ስለዚህ ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም።

በአጥቢያችን የልጆች አገልግሎት ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች በየእሑዱ የሚነበብ ተከታታይ ታሪክ መጻፍ ስጀምር፣ በታሪኩ ውስጥ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ፍጡራን እንዳሉ የሰሙ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከአምልኮ በኋላ ጠሩኝ።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚህ የምትጽፊያቸው መናፍስት ናቸው ወይስ ነፍሳት?”

“ነፍሳት ናቸው፣ ጋሼ” አልኳቸው።

ፈጠራ ውሸት ነው የሚል ክርክር አላነሡም። መጽሐፍ ቅዱስን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ፣ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ሄዱ አድርጎ ተናግሯል (መሳፍንት 9)። ናታንም የድኻውን ሰው በግ ታሪክ ፈጥሮ የንጉሥ ልብ ውስጥ ገብቷል (2ኛ ሳሙኤል 12)። የሽማግሌው ጭንቀት ሌላ ነበር፤ ልጆቹ የሚፈሩትን ወይም የሚለማመኑትን ነገር እንዳልሰጣቸው ነው። “እንግዲያው ነፍሳት ከሆኑ፣ የእውነት ነፍሳት ይሁኑ” ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ይህ ቃል የሥራዬ መመሪያ ሆነ። የሚተነፍስ፣ የሚርበው፣ የሚበርደው፣ የሚታመምና የሚሞት ፍጡር አይመለክም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንበብ የያዝኩት ስለ ንብ፣ ስለ ምስጥ፣ ስለ ጉንዳንና ስለ ቢራቢሮ የተጻፈውን ነው።

ሥጋቸው

መጀመሪያ የተማርኩት ነፍሳት ሳንባ እንደሌላቸው ነው። አየር የሚገባው በሰውነታቸው ጎንና ጎን በተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው፤ ከዚያም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተከፋፈሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደየአካላቸው ይደርሳል። ይህ አሠራር ለትንሽ አካል እጅግ ያማረ ነው፣ ለትልቅ አካል ግን አይበቃም። ዝንብ ውሻን አክላ የማናያት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍጡራን ከአውራ ጣት ግማሽ እንዳይበልጡ ተወሰነባቸው። ትንፋሻቸው በአፋቸው ስለማያልፍም ድምፅ አውጥተው መናገር አይችሉም። ፌንጣ ክንፏንና እግሯን አፋትጋ እንደምታሰማው፣ እነርሱም የሚያወሩት በክንፋቸው ነው። ዝማሬያቸውም ከክንፋቸው የሚወጣ ነው።

አጥንታቸው ከውጭ ነው። ነፍሳት እንደ ጥሩር የለበሱት ጠንካራ ልባስ አብሯቸው ስለማያድግ፣ ማደግ ሲፈልጉ አሮጌውን ቀደው ይወጣሉ። ነገር ግን ንብም ሆነች ቢራቢሮ ክንፍ አውጥታ ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላ ዳግመኛ ልባስ አትቀይርም። በዚያ ጊዜ የተቀደደ ክንፍ እንደ ተቀደደ ይኖራል። ይህን ነገር በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት፤ በኋላ ይመጣብኛል።

እግርና እጃቸው ስድስት ሆነ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር አድርገው የቢራቢሮ ክንፍ ይጨምሩበታል፤ እኔ ግን አራቱን መሄጃ፣ ሁለቱን መያዣ አደረግኳቸው። ልጆቹ በቀለም ሲስሏቸው እርስ በርስ እግር ይቆጣጠሩ ነበር። “ያንተ አንድ ይጎድለዋል” ይባባላሉ።

ከዚያ ብርዱ አለ። ነፍሳት እንደ እኛ ሁልጊዜ የሚሞቅ ደም የላቸውም። በደጋ ማለዳ ንብ ዝም ብላ ተነሥታ አትበርም። ክንፏን ሳታንቀሳቅስ የክንፏን ጡንቻዎች ታንቀጠቅጣለች፤ ደረቷ ሲሞቅ ያን ጊዜ ትነሣለች። የእኔ ፍጡራንም ሌሊቱን ቅጠል ሥር ተጣብቀው ያድራሉ፤ ሲነጋ ጤዛ ወርዶባቸው፣ እየተንቀጠቀጡ ፀሐይን ይጠብቃሉ። ስማቸው ከዚያ ወጣ፤ ጤዛውያን። አንዱ ጤዛዊ፣ አንዷ ጤዛዊት። ልጆቹ ስሙ ፍልስጥኤማውያንን ስለሚመስል ሳቁ፣ ቶሎም ያዙት።

ቤታቸውን ሾላ ዛፍ ላይ አደረግኩ። ልጆቹ ሾላን በዘኬዎስ ያውቁታል። የማያውቁት በፍሬው ውስጥ ያለውን ነው። ሾላ አበባው ከውጭ አይታይም፤ በፍሬው ሆድ ውስጥ ነው። የዘር ዱቄቱን ይዛ የምትመጣ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ አለች። የምትገባበት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ስትገባ ክንፏ ተነቅሎ ይቀራል። እንቁላሏን ጥላ፣ አበባውን አራብታ፣ እዚያው ትሞታለች። እርሷ ባትገባ ሾላው ዘር ባላፈራ ነበር። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ሾላ በልተው የሚያውቁት ፊታቸውን አኮማተሩ።

ማኅበራቸው

ለኑሯቸው ምሳሌ ያደረግኩት ንብን ነው። ንብ አናቢዎቻችን “አውራ” የሚሏት ወንድ ትመስላለች እንጂ እናት ናት። አበባ በሞላበት ወቅት በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ይሁን እንጂ ለማንም ትእዛዝ አትሰጥም። ሠራተኛዋ ንብ በሥራ ወቅት ዕድሜዋ 6 ሳምንት ያህል ነው። ሥራዋም በዕድሜዋ ይለወጣል፤ መጀመሪያ የተወለደችበትን ክፍል ታጸዳለች፣ ቀጥሎ ሕፃናቱን ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች፣ በመጨረሻ ወደ አበባ ትወጣለች። አደገኛው ሥራ የሚሰጠው ለትልልቆቹ ነው። ሕፃናቱ ያሉበትን ስፍራ ደግሞ ውጭው ቢበርድም ባይበርድም ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርገው ይጠብቁታል። የሚያሞቁትም በዚያው ጡንቻን በማንቀጥቀጥ ነው።

አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎ ተመልሳ በጭፈራ መንገዱን ትናገራለች። ይህን ቋንቋ የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በጨለማው ቀፎ ውስጥ፣ በቆመው የማር እንጀራ ላይ፣ ወደ ላይ ማለት “ወደ ፀሐይ” ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ዘንበል ያለችውን ያህል፣ አበባው ከፀሐይ በዚያ ያህል ዘንበል ይላል። ልጆቹ በሩን ፀሐይ አድርገው ብስኩት የተደበቀበትን ቁም ሣጥን በጭፈራ እንዲያመለክቱ አደረግኳቸው። ከሦስት ቡድን ሁለቱ አገኙት።

ጤዛውያን ይህን ሁሉ ወረሱ። እናት እንጂ አዛዥ የላቸውም። ትልልቆቹ ወደ አደጋ ይቀድማሉ፣ ሕፃናቱ በመካከል ይሞቃሉ። እስከዚያ እሑድ ድረስ ጥሩ ማኅበር ይመስለኝ ነበር።

ጥያቄው

ያን እሑድ የነገርኳቸው ስለ ክንፍ አወጣጥ ነበር። ቢራቢሮ ከሽፍኗ ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው። ተንጠልጥላ የሰውነቷን ፈሳሽ ወደ ክንፏ ሥሮች ትገፋለች፤ ክንፉ ይዘረጋል፤ ከዚያ ይደርቃል። ጊዜው አጭር ነው። በዚያ ጊዜ ከወደቀች ወይም ስፍራው ከጠበባት፣ ክንፏ እንደ ተጨማደደ ይደርቅና እንደዚያው ይቀራል።

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ በክራንች የምትሄድ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ አለችን። እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ክንፏ ሳይዘረጋ የደረቀባት ጤዛዊትስ የት ትሄዳለች?”

“የሚቀጥለው እሑድ እነግርሻለሁ” አልኳት።

ቤት ገብቼ ስለ ንብ ያነበብኩትን ገለጥኩ። መልሱ እዚያ አለ፣ ደስ የሚል ግን አይደለም። ቫሮዋ የሚባል ጥገኛ ተባይ የሚያዛምተው ቫይረስ አለ፤ ንቦች ክንፋቸው ተኮማትሮ እንዲወለዱ ያደርጋል። እንዲህ ያለችውን ንብ እህቶቿ እየጎተቱ ከቀፎው ያወጧታል። ንብ ጨካኝ ሆና አይደለም፤ የታመመችውን ማውጣት ቀፎውን ያድናል። ነገር ግን እኔ አንድ ሕዝብ በንብ ሕግ ላይ ሠርቻለሁ፤ የንብ ሕግ ደግሞ ለዚያች ልጅ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሩን ማሳየት ነው።

ቀላል መውጫ ነበረ። በሦስተኛው ማለዳ ልዩ ብርሃን ይወርዳል፣ የደረቀው ክንፍ ይለሰልሳል፣ ጤዛዊቷ ትበራለች፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ይህን አልጻፍኩትም። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ለታመሙ እጸልያለሁ፤ ለእርሷም ጸልያለሁ። ነገር ግን ያች ልጅ ብዙ የፈውስ ፕሮግራሞች ላይ ተወስዳለች፣ ከሁሉም በክራንቿ ተመልሳለች። በአንዱ ቦታ “እምነት ቢኖርሽ ኖሮ” መባሏን እናቷ ነግራኛለች። በታሪኬ ውስጥ እርሷን የምትመስለው አንዷ ጤዛዊት ከወገኖቿ የምትቆጠረው ክንፏ ሲዘረጋ ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ቃል በእኔ ብዕር ደግማ መስማቷ ነው።

ስለዚህ ሌሎቹን ነፍሳት መመርመር ጀመርኩ። የሾላዋ ተርብ ነበረች፤ ጉንዳንም ነበረች። የጉንዳን ንግሥት ከሠርግ በረራዋ ስትመለስ ክንፏን ራሷ ትጥለዋለች። ብዙዎቹ ዝርያዎች ዘንድ ንግሥቷ የማትፈልጋቸውን የበረራ ጡንቻዎች ሰውነቷ አሟሙቶ የመጀመሪያ ልጆቿን ታሳድግበታለች። ክንፍ አለመኖር ከማነስ ጋር አንድ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። ይሁንና ወድዶ ክንፍን መጣልና ሳይፈልጉ ማጣት ይለያያሉ።

ከዚያ ማታቤሌ የሚባሉትን ጉንዳኖች አገኘሁ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ይኖራሉ፣ ምግባቸው ምስጥ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተሰልፈው የምስጥ መንደር ይወርራሉ፤ የምስጥ ወታደሮችም እግራቸውን ይቆርጣሉ። ኤሪክ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በአይቮሪ ኮስት በኮሞኤ ብሔራዊ ፓርክ ያጠናቸው ሲሆን ግኝቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የቆሰለችው ጉንዳን በሽታ ምልክት ትሰጣለች፣ ጓደኛዋ መጥታ ትሸከማታለች። ተሸካሚዋን እንዳታስቸግር እግሮቿን አጥፋ ትሰበሰብላታለች። ቤት ሲደርሱ ቁስሏን እየላሱ ያክሟታል። ያልታከሙት ቁስለኞች በ24 ሰዓት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ ከታከሙት የሞቱት 10 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው።

ይህን ሳነብ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ጠቢቡ ታካችን ሰው ወደ ጉንዳን ሂድ ያለው (ምሳሌ 6፥6) ስለ ትጋት ነው፤ እነሆ ለምሕረትም የምትሆን ጉንዳን ተገኘች። ነገር ግን ጥናቱ በዚያ አያበቃም። አንድ ወይም ሁለት እግር ያጣችው ትወሰዳለች፤ አምስት እግር ያጣችው ግን ትቀራለች። እየተንፈራገጠች አልያዝ ትላለች፣ ተሸካሚዎቹም ትተዋት ያልፋሉ። የተወሰዱት ከዳኑ በኋላ ወደ ዘመቻ ይመለሳሉ። የጉንዳን ምሕረት እውነተኛ ነው፣ ግን ሒሳብ አለው። የሚጠቅመውን ያነሣል።

በዚያ ሌሊት ወደ ሜምፊቦስቴ ሄድኩ። አምስት ዓመት ሲሆነው ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሩ ሽባ ሆነ (2ኛ ሳሙኤል 4)። አድጎ በሎዶባር በሰው ቤት ሲኖር ዳዊት አስጠራው፣ ርስቱን መለሰለት፣ በማዕዱ አስቀመጠው። ሜምፊቦስቴ ለዳዊት የሚሠራለት ሥራ አልነበረም፤ እርሻውን እንኳ የሚያርሱለት ሌሎች ነበሩ። የተጠራው በአባቱ በዮናታን ምክንያት ነው፤ ቀድሞ በተገባ ኪዳን። የምዕራፉ የመጨረሻ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ከንጉሥ ገበታ እንደሚበላ ከተናገረ በኋላ፣ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ እንደ ነበሩ ያስታውሰናል (2ኛ ሳሙኤል 9፥13)። ገበታው እግሩን አልፈወሰም፤ እግሩም ከገበታው አላስቀረውም።

ሕጉ

በሚቀጥለው እሑድ ለልጆቹ የነገርኳቸው ይህ ነው። ክንፏ የደረቀባት ጤዛዊት አትበርም። የክንፏ ጡንቻ ግን አለ። ስለዚህ በሾላው ሆድ ውስጥ ገብታ ሕፃናቱን ታሞቃለች። በራሪዎቹ በማለዳ ደንዝዘው ሲመጡም እርሷ ጋ ይጠጋሉ። ልጅቷ ፈገግ አለች። እኔም ጨረስኩ ብዬ ወረቀቴን አጠፍኩ።

ከኋላ አንድ ልጅ፣ “ማሞቅም ባትችልስ?” አለ።

ተቃውሞ አልነበረም፤ ልጅ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀው። ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ አንድ የንብ ልማድ ትዝ አለኝ። ንብ በቀፎ ውስጥ ስትራብ ምላሷን ዘርግታ ወደ አጠገቧ ንብ ትጠጋለች፤ ያቺም ከሆዷ ታካፍላታለች። በቀን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቀባበላሉ። ያንን ወስጄ የጤዛውያን የመጀመሪያ ሕግ አደረግኩት፤ ከእናታችን የተወለደ ሁሉ ይበላል፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ይፈለግለታል፤ ባይገኝለትም ይበላል። ልጆቹ ይህን በቃላቸው ያዙት።

በወጣቶች ኅብረታችን ግን ክርክር አስነሣ። አንድ ወንድም ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ስለ ሥራና ስለ መብላት የጻፈውን ጠቅሶ (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10)፣ “ሕግሽ ስንፍናን አያስተምርም ወይ?” አለኝ። አብረን ገልጠን አነበብነው። ጥቅሱ የሚናገረው መሥራት ስለማይወድ ሰው ነው፤ ስለማይችል አይደለም። የዚያን ቀን ውይይታችን ወደ ጉንዳንና ወደ ንብ አልተመለሰም። ከመካከላችን ስንቶቹን የምናውቃቸው በሚሰጡት አገልግሎት ብቻ እንደሆነ ተነጋገርን። ዘማሪዋ ድምፅዋ ታሞ ስድስት ወር ስትቀር ስንታችን ጠየቅናት? ዩኒቨርሲቲ ያልገባው፣ ሥራ ያጣው፣ በጭንቀት ምክንያት መድረክ ላይ መውጣት ያቃተው ልጅ የት ሄደ?

ከዚያ አንዷ እህት ደረጃውን አነሣች። የልጆቹ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ 14 ደረጃ አለው። ያችን ልጅ በየእሑዱ ከወንድሞች አንዱ ተሸክሞ ያወጣታል። እንደ በጎ ሥራ እንቆጥረው ነበር። እህታችን ልጅቷን ጠየቀቻት። “መሸከም አልወድም፤ ሁሉም ያየኛል” አለች። ሽባውን ወደ ጌታ ያመጡት አራት ሰዎች መንገድ ባጡ ጊዜ ጣሪያ አፍርሰዋል (ማርቆስ 2)። ከእኛ ያን ያህል አልተጠየቀም። ሽማግሌዎችን አስፈቅደን በሁለት ቅዳሜ የታችኛውን የዕቃ ክፍል ባዶ አደረግን፣ ቀለም ቀባነው፣ የልጆቹን ወንበሮች አወረድን። ስፒከሮቹና ኪቦርዱ አሁን ፎቅ ላይ ናቸው። የመዘምራን ወንድሞች 14 ደረጃ ሲወጡ ጥቂት ያጉረመርማሉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጽሑፍ የምትወዱ በየአጥቢያችሁ የራሳችሁን ሕዝብ ፍጠሩ። እግሩን ቁጠሩለት፣ መተንፈሻውን ስጡት፣ ምን እንደሚበላና በምን እንደሚሞት እወቁ። ንብንና ጉንዳንን ጠይቁ፤ የፈጠራቸው ጌታ ብዙ ጥበብ አስቀምጦባቸዋል። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ግን መብረር የማይችለው የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ለዚህ መልሱ ከቀፎ አይገኝም፤ ከማዕዱ ነው የሚገኘው። እኛ ራሳችን በማዕዱ የተቀመጥነው ጠቅመን አይደለምና።

ታሪኩ አሁን 19ኛ ክፍል ላይ ደርሷል። የጤዛዊቷ ክንፍ እንደ ደረቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹ “መቼ ነው የሚዘረጋላት?” ይሉኝ ነበር። አሁን የሚጠይቁት በዚህ ሳምንት ምን እንዳደረገች ነው።